ከፓርክላንድስ እስከ ማሊንዲ፦ በኬንያ «ትንሿ ጣሊያን» የት እንብላ?



ኅዳር ሲገባ ወደ ሱቃችን የሚመጣው ሰው ሽሮውንና በርበሬውን አስመዝኖ ሒሳቡን እየከፈለ የሚጠይቀን ጥያቄ አንድ ነው። «ልጆቹን ወደ ማሊንዲ ልንወስዳቸው አስበናል፤ እዚያ የት ይበላል?» እኛም ፓርክላንድስ ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ከሃያ ዓመት በላይ ስለቆምንና ወደ ባሕሩ ብዙ ጊዜ ስለወረድን፣ የምናውቀውን ስንነግር ኖረናል። ለዚህ የብር ኢዮቤልዩ መጽሔት ጽሑፍ አምጡ ስንባልም ሌላ ርእስ አልፈለግንም። ነገር ግን ማሊንዲ ላይ «የት ይበላል» የሚለው ጥያቄ «ማን አበሰለው» ከሚለው ጋር ስለሚያያዝ፣ አንባቢ ወደ ገበታው ከመድረሳችን በፊት ታሪኩን ታግሦ እንዲያነብልን እንጠይቃለን። ዓመተ ምሕረቶቹ የእኛ ናቸው ካላልን በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማሊንዲ ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ 480 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሞምባሳ ደግሞ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኝ ከተማ ነው። ዛሬ ባቡሩ አለ፤ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስ ቤቱ በልቶ ለምሳ ሞምባሳ የሚደርስ ሰው ሞልቷል። ድልድዩ በ1991 ዓ.ም. ሳይከፈት በፊት ግን ኪሊፊ ላይ መኪናን በጀልባ ማሻገር ነበረበት። ኬንያውያን ማሊንዲን «ትንሿ ጣሊያን» ይሏታል። ሐሰትም የለውም። የሱቁ ሰሌዳ በጣሊያንኛ ነው፤ ፍራፍሬ ሻጯ ዋጋዋን በጣሊያንኛ ትጠራለች፤ አሸዋው ላይ የእንጨት ቀጭኔ የሚሸጠው ልጅ «ቻው» ብሎ ይቀበላችኋል። የእኛ ልጆች ይሄኔ ይስቃሉ። ቻው ለእነርሱ አማርኛ ነውና።

የከተማዋ የጥንት ታሪክ ለብቻው መጽሐፍ የሚወጣው ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ጠቅሰን እንለፍ። ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ዓ.ም. ማሊንዲ ደርሶ፣ ወደ ህንድ የሚመራውን መርከብ ነጂ ያገኘው እዚህ ነው። ፖርቱጋሎች ያቆሙት የድንጋይ ምሰሶም ባሕሩ ዳር ይታያል። ልጆቻችሁን እዚያ ስታቆሙ ግን ይህን ጨምሩላቸው፦ የዚሁ ሰውዬ ልጅ ክርስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 ዓ.ም. አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ ምጽዋ ወርዶ፣ ለንጉሣችን ሲዋጋ በማግስቱ ዓመት በአገራችን ምድር ሞቷል። አባትየው በማሊንዲ፣ ልጅየው በኢትዮጵያ አለፉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣሊያኑ እንምጣ። ብዙ ሰው ጣሊያኖች ወደ ኬንያ የመጡት ለመዝናናት ይመስለዋል። ከእነርሱ በፊት የመጣነው ግን እኛ ነን፤ የመጣነውም ከእነርሱ ሸሽተን ነው። በ1936 እና በ1937 ዓ.ም. የደቡቡ ጦራችን ሲፈታ፣ ወታደሩም ሴቱም ሕፃኑም ድንበር ተሻግሮ የእንግሊዝ ግዛት ወደነበረችው ወደ ኬንያ ገባ። እንግሊዞችም ኢሲዮሎ ላይ የስደተኛ ሰፈር አቋቋሙ፤ በኋላም ሰፈሩ ወደ ታቬታ ተዛወረ። ዛሬ ወደ ሞያሌ የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ ኢሲዮሎ ላይ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል፤ የመጀመሪያዎቹ የኬንያ ሐበሾች እዚያ እንደነበሩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ማኅበራችን ሃያ አምስት ዓመቱ ነው እንላለን እንጂ፣ በዚህ አገር ስደተኛ መሆንን የጀመርነው ከዚያ ጊዜ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ1940 ዓ.ም. ጣሊያን ከኢትዮጵያ ተነሥቶ የኬንያን ሞያሌ ያዘ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አውሮፕላኖቹ ማሊንዲን ደበደቡ። ዛሬ ስፓጌቲ የሚቀቅሉላት ማሊንዲ ማለታችን ነው። በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኬንያ የተነሣው ጦር፣ ኬንያውያን ወታደሮችም ያሉበት፣ በኪስማዩና በሞቃዲሾ፣ ከዚያም በሐረር አድርጎ ኤፕሪል 6 አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በእኛ አቆጣጠር መናገሻቸው ገቡ። የተማረኩት ጣሊያኖች በአሥር ሺሕ እየተቆጠሩ እኛ በሸሸንበት መንገድ ወደ ኬንያ ተነዱ። የሥርዓቱ የበላይ የነበረው የአኦስታው መስፍን እንኳ አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጥቶ፣ በማርች 1942 ዓ.ም. እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ ሞተ። መቃብሩ ኒየሪ በጣሊያኖች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ወደ ናይቫሻ ዓሣ ልትበሉ የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ በቁልቁለቱ በማይ ማሂዩ መንገድ ስትወርዱ ዳር ላይ ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አይታችኋታል። መንገዱን የጠረጉት የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱንም በ1942 ዓ.ም. የሠሩት እነርሱ ናቸው። ከምርኮኞቹ አንዱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቅኝ አገዛዙ ሹም የነበረው ፌሊቼ ቤኑዚ፣ በ1943 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከናንዩኪ ካምፕ አምልጦ የኬንያን ተራራ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ለጠባቂዎቹ እጁን ሰጥቷል። ለመንገዳቸው ከረዷቸው ነገሮች አንዱ በምግብ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ የተራራው ሥዕል ነበር። እኛ የታሸገ ምግብ ስንሸጥ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ይህን ታሪክ ስናስብ ሁልጊዜ ይገርመናል።

እንግዲህ ወደ ባሕሩ ያመጣቸው ምንድን ነው? ሮኬት ነው። የሮም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በፕሮፌሰር ሉዊጂ ብሮልዮ መሪነት፣ ከማሊንዲ ወደ ሰሜን ንጎሜኒ አጠገብ፣ ባሕሩ ውስጥ በብረት እግር የቆመ ማስወንጨፊያ አቋቋሙ። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ ቦታ ለማስወንጨፍ ይመቻል፤ ምድር በዚያ በፍጥነት ስለምትዞር ሮኬቱን ታግዘዋለች። በኤፕሪል 1967 ዓ.ም. ሳን ማርኮ 2 የተባለችው ሳተላይት ከዚያ ተነሣች። በዲሴምበር 12 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ በኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት፣ የኤክስሬይ ጨረር ከሰማይ የምትፈልግ የአሜሪካ ሳተላይት ከዚያው ተወነጨፈችና ስሟ «ኡሁሩ» ተባለ። ማስወንጨፉ በ1988 ዓ.ም. አበቃ፤ ጣቢያው ግን ሳተላይት መከታተሉን አልተወም፤ ስሙም የብሮልዮ ሆኗል። ከኢንጂነሮቹና ከቴክኒሻኖቹ ኋላ ዘመድ መጣ፤ ከዘመድ ኋላ አገር ጎብኚ፤ ከአገር ጎብኚው ኋላ ዳቦ ጋጋሪና ጀላቲ ሠሪ። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዓመታት ከሚላኖ በቻርተር አውሮፕላን ሞምባሳ የሚወርደው ሰው ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ የ2007ቱ ምርጫ ሁከት፣ የሽብሩ ዘመንና የ2020ው ኮሮና ስላቀዘቀዙት የተዘጋ በር አይጠፋም። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ላይ የአንድ ቤት ስም ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ።

አሁን ገበታ እናቅርብ።

የጣሊያን ምግብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ላዛኛ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶ የሚሉትን ቃላት እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቋቸው ነበር። ቢራና ጋዜጣ የሚሉትም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ ፒያሳና ካዛንቺስም እንዲሁ። የእኛ ስፓጌቲ ግን ሌላ ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ፓስታው እስኪልፈሰፈስ ይበስላል፤ ከጎኑ ዳቦ ወይም እንጀራ ካልቀረበ ጎደለ ይባላል። ማሊንዲ ላይ ጣሊያኑ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ይህ ነው፦ ፓስታው መሐሉ ጠንከር ያለ ይሆናል። ጥሬ ነው ብላችሁ አትመልሱት። እነርሱ ሆን ብለው እንዲህ ነው የሚያወጡት፤ አንዴ የለመደ ሰውም ይወደዋል። ካልወደዳችሁት ግን «በደንብ ይብሰልልን» ብሎ ማዘዝ ነውር አይደለም። ከፋዩ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ምግብ ስንጽፍ አንዲት እናት ያደረጉትን ሳንነግራችሁ ማለፍ አንችልም። ብዙዎቻችሁ ታውቋቸው ነበር፤ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስማቸውን አናነሣም። አንድ ታኅሣሥ ላይ በሁለት ሚኒባስ ሆነን ማሊንዲ ወርደን ነበር። ማታ ሁላችንም አንድ ጣሊያን ቤት በር ላይ ደረስን፤ ገሚሳችን ገባ፤ እርሳቸው ከደጅ ቆሙ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ፤ የጾም ስፓጌቲ አለ ብለውናል» አላቸው ከወጣቶቹ አንዱ።

«እናንተ ግቡ ልጄ፤ እኔ አልገባም።»

አባታቸው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ተወስደው አልተመለሱም። እርሳቸው ያኔ ጡት አልጣሉም ነበር። ልጁም ይህን እያወቀ፣ «ይኼኛው ሰውዬ እኮ ያኔ ገና አልተወለደም» አላቸው።

«እሱን መች ጠላሁት? ጉሮሮዬ ነው እንቢ ያለኝ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ክርክር ሆነ። ግማሹ «ስድሳና ሰባ ዓመት ያለፈውን ነገር ለልጆች ማውረስ አያስፈልግም» አለ፤ ግማሹ «እናታችንን ደጅ አቁመን እራት አንበላም» አለ። እኛ ከገቡት ወገን ነበርን፤ ስፓጌቲውም ጥሩ ነበር። ሌሎቹ ግን እርሳቸውን ይዘው ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ መስጊዱ አካባቢ ሄደው አንድ የስዋሂሊ ምግብ ቤት አገኙ። በማግስቱ ጠዋት ስንገናኝ የበሉትን ሲነግሩን ሁለተኛ ቁርስ በላን። ከዚያ ዓመት ወዲህ የጉዞው ልማድ ተለወጠ፤ የመጀመሪያው ማታ ሁሉም አብሮ ስዋሂሊ ቤት፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እንደ ጉሮሮው። እኚሁ እናት ደግሞ ናይሮቢ ቤታቸው የሄደን ሰው መኮሮኒ ሳያበሉ አይሰዱም ነበር። ስንጠይቃቸው «ይኼ የጣሊያን አይደለም፤ የእኔ ነው» ይሉ ነበር።

ስለ ስዋሂሊ ቤት ካነሣን፣ ለጾመኛ ከዚያ የሚሻል የለም። የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ከነቢያት ጾም ጋር እንደሚገጣጠም ታውቃላችሁ፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ባሕሩ ዳር ያለን እኛ ጾመኞች ነን። ለቁርስ ማሃምሪና ምባዚ እዘዙ። ማሃምሪ ሄል ገብቶበት በኮኮናት ወተት ተቦክቶ በዘይት የሚጠበስ ጉርድ ዳቦ ነው፤ ምባዚ ደግሞ በኮኮናት የሚሠራ የእርግብ አተር ወጥ። ሊጡ ውስጥ እንቁላል ወይም የላም ወተት የሚጨምር ቤት ስለማይጠፋ መጠየቅ ነው። ለምሳ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ፣ ስፒናች፣ ባቄላ። ለማይጾሙት ፒላው፣ ቢርያኒና ሳማኪ ዋ ኩፓካ የሚባለው በፍም ተጠብሶ የኮኮናት ስልስ የሚቀባ ዓሣ አለ። ለመጠጥ ማዳፉ፣ ማለትም ለጋ ኮኮናት። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ያለ ሐሳብ የሚበሉት እዚህ ነው። በረመዳን ግን ቀን ዝግ ነው፤ በማፍጠሪያ ሰዓት ከሄዳችሁ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለውን ትበላላችሁ።

ጣሊያኑ ቤትም ቢሆን ጾመኛ አይራብም፤ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከፋብሪካ የሚመጣው ደረቅ ስፓጌቲ ዱቄትና ውኃ ነው። በቤት የሚዳመጠው ጠፍጣፋው ፓስታና ላዛኛ ግን እንቁላል አለበት። በቲማቲም፣ ወይም በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ የተሠራውን እዘዙ፤ «አይብ እንዳይነሰነስበት» ማለትን አትርሱ፣ አስተናጋጁ ከልማድ የተነሣ ይነሰንሳልና። አረንጓዴው ፔስቶ ውስጥ አይብ አለ። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅጠል ነው። ነገር ግን «ማሪናራ» ስፓጌቲ ላይ ሲሆን አንዳንድ ቤት የባሕር ፍጥረት ሁሉ የተቀላቀለበት ማለት ስለሆነ ጠይቁ። እዚህ ፓርክላንድስ ዳይመንድ ፕላዛ የህንዱን «አትክልት» በልተን ቅቤ እንዳለበት ኋላ የሰማን ሰዎች ይህን ጥንቃቄ ለምደነዋል።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው አንገባም፤ የንስሐ አባት ያለው አባቱን ይጠይቅ። ሌላው ጉዳይ ግን ጾም ቢሆንም ባይሆንም ይነሣል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ቤተሰብ ባሕር ዳር ላይ ሲቀመጥ የምግብ ዝርዝሩ ግማሹ አይመለከተውም፤ ካምባ የሚሉት ሽሪምፕና ሎብስተር ነው፣ ፕዌዛ ኦክቶፐስ ነው፣ ካአ ሸርጣን ነው። የሚበላው ቻንጉ፣ ታፊ፣ ኮሌ ኮሌ፣ ንጉሩ ነው። እነዚህን አራት ስሞች በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ብትይዙ ሁሉም ቤት ታዝዛላችሁ። ልጆቹ ግን እዚህ ናይሮቢ የተወለዱ ናቸው፤ የክፍል ጓደኞቻቸው የሚበሉትን ሽሪምፕ ሲያዙ ዝም የሚል ወላጅም አለ፣ የሚቆጣም አለ። ይህ የየቤቱ ጉዳይ ነው።

ከምናውቃቸው ቤቶች መካከል፣ ማሊንዲ ውስጥ ባሕሩ ዳር ላይ «ዘ ኦልድ ማን ኤንድ ዘ ሲ» የሚባለው በዓሣ ስሙ የታወቀ ነው። ስሙ የደራሲው የሄሚንግዌይ መጽሐፍ ስም ነው፤ ሄሚንግዌይ ራሱ በ1934 ዓ.ም. በዚህ ባሕር ዓሣ አጥምዷል። ወደ ደቡብ ስትመለሱ ዋታሙ ውስጥ «ኖን ሶሎ ጀላቶ» አለ፤ የጀላቲ ቤት ነው፤ ወተት የሌለበትን የፍራፍሬውን ጠይቁና ለጾመኛውም ለልጁም ይሆናል። ሚዳ ክሪክ ላይ ደግሞ ዳባሶ የሚባለው የሸርጣን ቤት አለ፤ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ሸርጣን እያረቡ የሚያስተዳድሩት ነው። በማንግሮቭ ዛፎቹ መካከል በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ተሂዶ ይገባል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚያ የሚያምር ቦታ አላየንም። ሸርጣን ባትበሉም ገንዘቡ መንደሩ ውስጥ ስለሚቀር ማዳፉ ጠጥታችሁ መምጣቱ አይከፋም። ከዚያው አቅራቢያ ያለውን የጌዲን ፍርስራሽ ከተማም ሳታዩ አትመለሱ፤ በ2024 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ጌዲ የሚለው ስም ከኦሮምኛ የመጣ ነው ይባላል።

ገንዘብ ይዞ ለሚወጣ ሰው የምንመክረው፣ ዓሣ በኪሎ በሚሸጥበት ቤት ከመብሰሉ በፊት አስመዝኑ፤ ዋጋውንም ያኔውኑ ተስማሙ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ምረጡ። ቤት ተከራይታችሁ የምታበስሉ ከሆነ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ማሊንዲ ወደብ አጠገብ ካለው የዓሣ ገበያ ግዙ፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ከናይሮቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ አይገኝም። ይህን የምንለው ልንሸጥላችሁ ብለን ብቻ አይደለም።

የጉዞው ጊዜም ነገር ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ማርች የሚነፍሰው ካስካዚ ባሕሩን ያረጋጋዋል፤ ዓሣውም ይበዛል፤ ጣሊያኖቹም የሚመጡት በዚሁ ወቅት ስለሆነ ቤቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ከኤፕሪል በኋላ ኩሲ ይነሣል፤ ዝናቡ ይመጣል፤ ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት እስከ ጁን ድረስ ይዘጋል። የእኛ ፋሲካ የሚውለው ደግሞ በዚያው በኤፕሪል ወይም በሜይ መጀመሪያ ነው። ሁለት ወር ጾሞ «ለፋሲካ ባሕር እንውረድ» የሚል ቤተሰብ ተዘግቶ የሚጠብቀው በር ይበዛል። በጃንዋሪ የሚውለው ገና ግን በካስካዚ መካከል ነው። የገናን ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ከናይሮቢ የተነሣ ሰው የማታውን ባቡር ይዞ ሞምባሳ ያድራል፤ በማግስቱ ምሳ ላይ ማሊንዲ ነው፤ የፈለገውንም ማዘዝ ይችላል።